ሶልቨሩ በጀቴን ሁሉ አንድ ቦታ ከመረው፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ የማስታወቂያ በጀት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። እስካሁን የምንሠራው ያው እንደ አምና ነው። ያለፈውን ዓመት ድልድል እናነሳና እዚህ ትንሽ እየጨመርን እዚያ ትንሽ እየቀነስን እናስኬደዋለን። ዘንድሮ ሥራ አስኪያጃችን «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ ሲያፋጥጠኝ መልስ አጣሁ። አንድ ጓደኛዬ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ተጠቀሚ አለኝና ኤክሴል ላይ ሞከርኩት። ለማቅለል በጀቱን 100 ድርሻ አደረግኩት። አምና ከየሚዲያው ያገኘነውን አዲስ ደንበኛ ላወጣንበት ገንዘብ አካፈልኩ። በአንድ ድርሻ ማኅበራዊ ሚዲያ 12፣ ቴሌቪዥን 9፣ ሬዲዮ 8፣ ቢልቦርድ 5 ደንበኛ መጣ። ሶልቨሩን (ኤክሴል ውስጥ ያለውን፣ የተሻለውን መልስ የሚፈልገውን መሣሪያ) ሳስኬደው 100ውንም ድርሻ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ጫነውና 1,200 ደንበኛ ታገኛላችሁ አለኝ። ሥራ አስኪያጁ አየት አድርጎ «ለዚህ ነው ኮምፒውተር ያስፈለገው?» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። እሱ ደግሞ ቢልቦርድ ላይ ቢያንስ 20 ድርሻ እንዲወጣ ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ዘዴው ነው የማይረባው ወይስ እኔ ነኝ ያላወቅኩበት? ደግሞስ ውድ ሶፍትዌር መግዛት አለብን? (ግራ የገባት)

መልስ፦ እህቴ፣ አንገትሽን አትድፊ። ሶልቨሩ አልተሳሳተም፣ አንቺም ቀመሩን አላበላሸሽም። የነገርሽውን ነው የመለሰልሽ። የነገርሽው ደግሞ እያንዳንዱ ሚዲያ በድርሻ ስንት ደንበኛ እንደሚያመጣና ጠቅላላው ገንዘብ ከ100 ድርሻ እንደማይበልጥ ብቻ ነው። በዚህ ብቻ ከተጠየቀ ማንም ሰው፣ ሥራ አስኪያጅሽን ጨምሮ፣ ሁሉንም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከማድረግ የተሻለ መልስ ሊያመጣ አይችልም። አንቺ ግን ከዚህ በላይ ታውቂያለሽ። እዚያ ገንዘቡን ሦስት እጥፍ ስላደረግሽ ደንበኛው ሦስት እጥፍ እንደማይሆን ታውቂያለሽ። አለቃሽም ያውቃል፣ ወረቀቱን የመለሰልሽም ለዚህ ነው። ያንን እውቀት ግን ለሶልቨሩ የነገረው የለም። ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። የምታውቂውን ሁሉ በገደብ መልክ መጻፍ አለብሽ።

ነገሩ አዲስ ለሆነባቸው አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ውስን ነገር፣ ገንዘብም ይሁን ጊዜ ወይም ማሽን፣ ለብዙ ፈላጊ ሲደለደል ከሁሉ የተሻለውን ድልድል የሚያገኝ የሒሳብ ዘዴ ነው። ምን እንደምትወስኑ፣ ምን ማብዛት ወይም ማሳነስ እንደምትፈልጉ፣ የማይጣሱት ገደቦች የትኞቹ እንደሆኑ ትነግሩታላችሁ። ሁሉም ነገር በቋሚ ቁጥር በማባዛትና በመደመር ብቻ መጻፍ አለበት። ሶቪየታዊው ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 ከፋብሪካ የምርት ዕቅድ ተነስቶ ደረሰበት። አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንዚግ ደግሞ በ1947 ለአየር ኃይል ዕቅድ ሲሠራ ሲምፕሌክስ የተባለውን የስሌት ዘዴ አወጣ፤ ኤክሴል ውስጥ ዛሬ የምትጠቀሙበት የዚያው ዘር ነው። ካንቶሮቪች በ1975 ከቻሊንግ ኮፕማንስ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል። የማስታወቂያ ድርጅቶች ለሚዲያ መረጣ የተጠቀሙበት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔም ከተነሱት ዋና ዋና ቅሬታዎች አንዱ ይኸው ያንቺው ነበር፦ ሞዴሉ የመጀመሪያውንም መቶኛውንም ማስታወቂያ እኩል ያያል የሚል። ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም።

ለምን አንድ ሚዲያ ብቻ እንደመረጠ ደግሞ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሲምፕሌክስ መልሱን የሚፈልገው ገደቦቹ በሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው። በዚህ የተነሳ ከገደቦችሽ ቁጥር በላይ ሚዲያ አይመርጥልሽም። አንድ ገደብ ብቻ ከሰጠሽው ገንዘብ የሚያገኘው አንድ ሚዲያ ነው። ሁለት ብትሰጪው ቢበዛ ሁለት ይሆናሉ። «ሁሉንም አንድ ቦታ» የሚል መልስ ባየሽ ቁጥር ስለ ገበያው አዲስ ነገር እንዳገኘሽ አትቁጠሪው። ገደብ እንዳነሰሽ ነው የሚነግርሽ።

አሁን ወደ መፍትሔው እንሂድ። ማኅበራዊ ሚዲያን እንደ አንድ ነገር አትጻፊው፣ በእርከን ከፋፍይው። የመጀመሪያው ገንዘብ የሚደርሰው ዕቃችሁን ቀድሞውኑ ሲፈልግ ለነበረ ሰው ነው። ስትጨምሪ ያው ሰው ያንኑ ማስታወቂያ ደጋግሞ ያያል፣ ወይም ማስታወቂያው ግድ የሌለው ሰው ጋ ይደርሳል። በጨረታ በሚሸጥ ማስታወቂያ ደግሞ ብዙ ቦታ በፈለግሽ ቁጥር ዋጋው ራሱ ይወደዳል። እንግዲህ ለምሳሌ እንዲህ እንበል (ቁጥሮቹን ለማሳያ ነው የማስቀምጠው፣ አንቺ የራስሽን ትተኪያለሽ)። ማኅበራዊ ሚዲያ የመጀመሪያው 30 ድርሻ በድርሻ 12 ደንበኛ ያመጣል፣ ቀጣዩ 30 ድርሻ 7 ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ያለው 3። ቴሌቪዥን እስከ 40 ድርሻ 9፣ ከዚያ በላይ 5። ሬዲዮ እስከ 25 ድርሻ 8፣ ከዚያ በላይ 4። ቢልቦርድ 5፣ ግን ከ20 ድርሻ በላይ የሚከራይ ጥሩ ቦታ የለም።

ኤክሴል ላይ ለእያንዳንዱ እርከን አንድ ረድፍ ስጪው። ስሙን፣ በድርሻ የሚያመጣውን ደንበኛ፣ ጣሪያውንና ሶልቨሩ የሚሞላውን ባዶ ሳጥን ጎን ለጎን አድርጊ። ጠቅላላ ደንበኛው ሰምፕሮዳክት በሚባለው፣ ጎን ለጎን ያሉትን ቁጥሮች አባዝቶ በሚደምረው የኤክሴል ቀመር ይሰላል፣ ጠቅላላ ወጪው ሰም በሚባለው የመደመሪያ ቀመር። ሶልቨሩን ስትከፍቺ ዘዴው «ሲምፕሌክስ ኤልፒ» መሆኑን እዪ፤ ዝም ካልሽው ጂአርጂ የሚባለውን፣ ቀጥተኛ ላልሆኑ ቀመሮች የተሠራውን፣ ነው የሚወስደው።

ውጤቱ ይኸውልሽ። ማኅበራዊ ሚዲያ 35 (ከመጀመሪያው እርከን 30፣ ከሁለተኛው 5)፣ ቴሌቪዥን 40፣ ሬዲዮ 25፣ ቢልቦርድ ዜሮ። ደንበኛው 955። «ከ1,200 ቀነሰ እኮ» ትይኝ ይሆናል። 1,200 የሚባል ደንበኛ መጀመሪያም አልነበረም። በነዚሁ እርከኖች መሠረት 100ውንም ድርሻ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ብታፈሺው የሚመጣው 360፣ 210 እና 120፣ በድምሩ 690 ነው። ስለዚህ ለአለቃሽ የምታወዳድሪለት 955ን ከ690 ጋር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ጋ። እርከኑ የሚሠራው ውጤቱ እየቀነሰ ሲሄድ ብቻ ነው። ትልቁ መጀመሪያ ስለሆነ ሶልቨሩ ራሱ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል። ግን አንዳንድ ማስታወቂያ መጀመሪያ ላይ ምንም አያመጣም፣ ተደጋግሞ ሲሰማ ነው የሚይዘው። እንዲህ ያለውን በእርከን ብትጽፊው ሶልቨሩ ደካማውን የመጀመሪያ እርከን ዘሎ ሁለተኛውን ይሞላዋል፣ እሱ ደግሞ በተግባር የማይሆን ነው። እንዲህ ሲሆን ኢንቲጀር ገደብ፣ ማለትም ሳጥኑ ሙሉ ቁጥር ብቻ እንዲሆን የሚያዝ ገደብ፣ ያስፈልጋል፤ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

እስከዚህ ያለውን በእጅም ትሠሪዋለሽ፣ እርከኖቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድረሽ በጀቱ እስኪያልቅ መሙላት ነው። ሶልቨሩ በእርግጥ የሚያስፈልግሽ ገደቦቹ እርስ በርስ ሲቆላለፉ ነው። ለምሳሌ ሁለት ምርት አላችሁ፣ ቪዲዮ የሚያዘጋጀው ቡድን ግን አንድ ነው። ወይም ከጠቅላላው ደንበኛ የተወሰነው እጅ ወጣት እንዲሆን ትፈልጋላችሁ። ወይም ወጪው በወራት ተከፋፍሎ በየወሩ ጣሪያ አለው። ያኔ በዓይን አይታይም።

አሁን ሰው ብዙ ጊዜ ዘሎት ወደሚያልፈው፣ እኔ ግን ከመልሱ እኩል ወደምወደው ነገር እንምጣ። ሶልቨሩ ሠርቶ ሲጨርስ «ሴንሲቲቪቲ» የሚል ሪፖርት ያወጣልሻል። ጠቅ አድርጊው። በበጀቱ ገደብ ፊት ለፊት «ሻዶው ፕራይስ» የሚል ቁጥር ታያለሽ። ገደቡ በአንድ ድርሻ ቢላላ ውጤቱ በስንት እንደሚጨምር ነው የሚናገረው። በኛ ምሳሌ 7 ነው። አንድ ድርሻ ቢጨመርላችሁ 7 ደንበኛ ይጨምራል። ይሄ 7 እስከ ተጨማሪ 25 ድርሻ ድረስ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው የማኅበራዊ ሚዲያ እርከን ስለሚሞላ ወደ 5 ይወርዳል። እንግዲህ «በጀት ይጨመርልን» ብለሽ ስትጠይቂ የምታቀርቢው ክርክር ይኼ ነው፦ ሰባት አዲስ ደንበኛ የሚያስገባው ትርፍ ከአንድ ድርሻ ገንዘብ ይበልጣል ወይ? ከበለጠ ጭማሪው ያዋጣል። ካነሰ ደግሞ እንኳን ጭማሪ፣ ካለው ላይም የተወሰነው ቢመለስ ይሻላል፣ ይህንንም በግልጽ ልትነግሪያቸው ይገባል።

የቢልቦርዱን ትዕዛዝ እንየው። «ቢልቦርድ ከ20 አይነስ» ብለሽ ጨምሪና እንደገና አስኪጂው። አሁን ማኅበራዊ ሚዲያ 30፣ ቴሌቪዥን 40፣ ሬዲዮ 10፣ ቢልቦርድ 20 ይሆናል፣ ደንበኛው 900። ከ955 ላይ 55 ቀነሰ። ከየት እንደሄደም ይታያል። ቢልቦርዱ የወሰደው የመጀመሪያው 5 ድርሻ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ 7 ያመጣ ነበር፣ አሁን 5 ነው የሚያመጣው፣ በድርሻ 2 ኪሳራ፣ በድምሩ 10። ቀጣዩ 15 ድርሻ ከሬዲዮ ነው የመጣው፣ 8 የነበረው 5 ሆነ፣ በድርሻ 3፣ በድምሩ 45። ይሄንን ለአለቃሽ ስትነግሪው «ተሳስተሃል» በሚል ድምፅ እንዳይሆን። ቢልቦርድ እዚህ ሠንጠረዥ ላይ ያልተጻፈ ጥቅም ሊኖረው ይችላል። ስማችሁን ያስለምዳል፣ አከፋፋዮች ሲያዩት ይተማመኑባችኋል፣ ዛሬ ያልገዛው ከዓመት በኋላ ያስታውሳችኋል። ምናልባት ያ ከ55 ደንበኛ ይበልጥ ይሆናል። እሱ ያንን የመወሰን ሥልጣን አለው፣ አንቺ ደግሞ የውሳኔው ዋጋ ስንት እንደሆነ ማሳወቅ ትችያለሽ። «ይቻላል፣ ግን በዚህ ዓመት 55 ደንበኛ ያስከፍለናል» የሚል ሠራተኛ ወረቀቱ አይመለስበትም ብዬ አምናለሁ።

ከዚሁ ሪፖርት ላይ አንድ ሌላ ነገር አውጪ። እያንዳንዱ ቁጥር ምን ያህል ቢለወጥ ዕቅዱ እንደማይነቃነቅ ያሳያል። የማኅበራዊ ሚዲያ የመጀመሪያው እርከን 12 ያልነው 7 እስኪሆን ቢወርድ እንኳ ድልድሉ ያው ነው። የቴሌቪዥን 9ም እንደዚሁ እስከ 7 መውረድ ይችላል። የሬዲዮ 8 ግን ወደ 7 ለመውረድ አንድ ብቻ ነው የቀረው። ሬዲዮ 6 ቢሆን ምን እንደሚመጣ ሞክሪው። 25ቱም የሬዲዮ ድርሻ ድራሹ ይጠፋና ወደ ሁለተኛው የማኅበራዊ ሚዲያ እርከን ይሄዳል፣ ሬዲዮ ዜሮ ይሆናል። ይሄ የዘዴው ባሕርይ ነው፤ ቀስ ብሎ አይቀንስም፣ ይዘላል። እንዳያስደነግጥሽ። ዕቅዱ በጣም ቢዘልም ውጤቱ ብዙ አይለወጥም። ሬዲዮ በእውነት 6 ሆኖ አንቺ በአሮጌው ዕቅድ ብትሄጂ የሚመጣው 905 ነው፣ በአዲሱ 930፣ ልዩነቱ ከ3 በመቶ በታች። ስለዚህ ሬዲዮውን በአንድ ቀን ዜሮ ለማድረግ አትቸኩዪ፣ ይልቅ ቁጥሩን አረጋግጪ። ለመለካት ያለሽ ጊዜና ጉልበት ውስን ከሆነ መጀመሪያ መለካት ያለበት ሬዲዮ ነው፣ ቴሌቪዥን ይቆይ። ይሄንን ሶልቨሩ ባይነግርሽ ኖሮ ምናልባት ትልቁ ወጪ ነው ብለሽ ከቴሌቪዥን ትጀምሪ ነበር።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ላይ ስህተት ካለ የቀረው ስሌት በሙሉ ከንቱ ነው። 12፣ 9፣ 8፣ 5 ያልሻቸው ቁጥሮች አማካይ ናቸው። ጠቅላላ ደንበኛ ሲካፈል ለጠቅላላ ወጪ። ለድልድል የሚያስፈልገው ግን የሚቀጥለው ድርሻ የሚያመጣው ነው። አምና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ 30 ድርሻ አካባቢ አውጥታችሁ ከሆነ 12 የሚለው ቁጥር ስለዚያ 30 ብቻ ይናገራል። ስለ 31ኛው አንዳች አያውቅም። እሱን ማወቅ የሚቻለው ወጪውን ሆን ብሎ ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው። ተመሳሳይ ሽያጭ ያላቸው ሁለት አካባቢዎች ምረጪ፣ በአንዱ ወጪውን ጨምሪ፣ ሌላውን እንዳለ ተዪው፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ጠብቂና የአዲስ ደንበኛውን ልዩነት ለተጨመረው ድርሻ አካፍዪ። በዚያን ጊዜ ዋጋ አትለውጡ፣ ቅናሽ አታድርጉ፣ አለበለዚያ ምን ምኑን እንዳመጣው መለየት አይቻልም። በአካባቢ ከፍሎ ማሰራጨት የማይቻልበት ሚዲያ ላይ በሳምንት ማፈራረቅ ይቻላል፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ማስታወቂያው ከቆመ በኋላም ሰው ጆሮ ውስጥ ይቆያልና የዚህ ሳምንት ደንበኛ ያለፈው ሳምንት ማስታወቂያ ውጤት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ድርብ ቆጠራ ነው። አንዲት ሴት ቴሌቪዥን ላይ አየችው፣ ማታ ስልኳ ላይ ማስታወቂያው ሲመጣ ነካችው፣ ገዛች። ማኅበራዊ ሚዲያው «የኔ ደንበኛ ናት» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። የቴሌቪዥኑ ወኪል ደግሞ በዚያ ሳምንት ሽያጭ መጨመሩን አሳይቶ «የኔ ናት» ይላል። ሁለቱም ወረቀት አላቸው። ቀላል መፈተሻ ልስጥሽ። ሁሉም ሚዲያዎች አመጣን ያሉትን ደንበኛ ደምሪና ከሽያጭ መዝገባችሁ ላይ ካለው እውነተኛ አዲስ ደንበኛ ጋር አነጻጽሪ። ድምሩ ከበለጠ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተቆጥሯል ማለት ነው። ያንን ሳታስተካክዪ ሶልቨር አትክፈቺ።

ይሄ ነገር በተለይ ግብሽን «ስንት ሰው አየው» ካደረግሽው ይብሳል። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ መደመር ብቻ ነው የሚያውቀው። ቴሌቪዥን ከምትፈልጊያቸው ሰዎች 50 በመቶውን፣ ሬዲዮ 40 በመቶውን ቢደርስ 90 ይልሻል። አንዱን ማየትና ሌላውን መስማት የማይገናኙ ከሆኑ ግን እውነቱ 70 በመቶ ነው፣ ምክንያቱም ሬዲዮው ከሚደርሳቸው ግማሾቹ ቴሌቪዥኑንም አይተዋል። እኔ ብሆን ግቡን በአዲስ ደንበኛ ወይም በትርፍ ነው የማደርገው፣ «በታዳሚ ብዛት» አላደርገውም። ጆን ሊትልና ሊዮናርድ ሎዲሽ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጡት የሚዲያ ዕቅድ ሞዴል በተደጋጋሚ ማየት ያለውን እየቀነሰ የሚሄድ ውጤትና የሰውን መርሳት ጭምር ለማስገባት የሞከረው ቀጥታ መስመር ብቻውን ይሄንን ስለማይሸከም ነው። ድርጅታችሁ ሲያድግ ወደዚያ ትሄዳላችሁ። ለጊዜው እርከኑ ይበቃሻል።

ስለ ኢንቲጀሩ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ጣቢያው «ከ60 ድርሻ በታች ውል አንፈርምም» ቢልሽስ? ያኔ ምርጫው ወይ ዜሮ ወይ ከ60 በላይ ነው፣ መሃል የለም። ተራው ሊኒየር ፕሮግራሚንግ እንዲህ ያለውን አያስተናግድም። መውጫው ቀላል ነው፣ ሁለቴ አስኪጂው። አንዴ ቴሌቪዥን ቢያንስ 60 ብለሽ፣ አንዴ ዜሮ ብለሽ። በኛ ቁጥር ከቴሌቪዥኑ ጋር 900 ይመጣል፣ ያለ ቴሌቪዥን 845። ስለዚህ ውሉ አሁንም ያዋጣል፣ ግን ያለ ግዴታው 955 ነበርና የጣቢያው ሁኔታ 55 ደንበኛ እየወሰደብሽ ነው። ለድርድር ስትቀመጪ ይሄ ቁጥር እጅሽ ላይ ይኑር፤ «40 ላይ ከፈረማችሁልን ዛሬ እንፈርማለን» ለማለት ያስችልሻል። እንዲህ ያለ አዎ-ወይም-አይ ምርጫ አምስት ከሆነ ግን 32 ጊዜ ማስኬድ ሊኖርብሽ ነው። ያኔ ሶልቨሩ ላይ ሳጥኑን «ባይነሪ» ብለሽ ዜሮ ወይም አንድ ብቻ እንዲሆን ማዘዝ ይሻላል። ኢንቲጀር ስታስገቢ ግን የሴንሲቲቪቲ ሪፖርቱ አይወጣልሽም።

«መልስ አልተገኘም» የሚል መልእክት ቢመጣም አትደንግጪ። ብዙ ጊዜ «ቢያንስ ይሄን ያህል» የተባሉት ትዕዛዞች ሲደመሩ ከ100 አልፈዋል ማለት ነው። የትኞቹ ትዕዛዞች አብረው እንደማይሄዱ ለይተሽ አንዱን እንዲተዉ ጠይቂ።

ጥያቄውን ገልብጠሽም መሞከር አለብሽ። ምናልባት ድርጅታችሁ በዓመት ከ800 በላይ አዲስ ደንበኛ በአግባቡ ማስተናገድ አይችልም። ከሆነ ደንበኛን ማብዛት ትክክለኛ ግብ አይደለም። «800 ደንበኛ ለማምጣት ትንሹ ወጪ ስንት ነው?» ብለሽ አስኪጂው። መልሱ 80 ድርሻ ነው፦ ማኅበራዊ ሚዲያ 30፣ ቴሌቪዥን 40፣ ሬዲዮ 10። 20 ድርሻ ተረፈ። ይሄንን ለአለቃሽ ብታሳዪው ደስ የሚለው ይመስለኛል፣ አንቺም ያንን 20 ድርሻ ሰው ለመቅጠር ወይም አገልግሎት ለማሻሻል እንዲውል ብትከራከሪ አልቃወምሽም።

አለቃሽ ጋ ስትገቢ የቀመር ወረቀት ይዘሽ አትግቢ። አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ይበቃል። በመጀመሪያው ረድፍ እንደ አምናው ብንደለድል የሚመጣው፣ በሁለተኛው ያለ ምንም ትዕዛዝ የተሻለው፣ በሦስተኛው እሱ ባለው የቢልቦርድ ግዴታ። ከጎኑ የደንበኛው ብዛት። «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ካለሽ የእያንዳንዱን እርከን መነሻ ንገሪው፤ የትኛው ከልኬት፣ የትኛው ከግምት እንደሆነ ሳትደብቂ። እሱ ለዓመታት ካየው ተነስቶ «ሬዲዮ ከ25 በኋላም አይወድቅም» ቢልሽ እዚያው ፊቱ ቀይረሽ አስኪጂለት። ያኔ ሞዴሉ የሁለታችሁም ይሆናል።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ አትግዙ። ኤክሴል ውስጥ ያለው ሶልቨር እስከ 200 የሚወሰኑ ሳጥኖች ይቀበላል። አራት ሚዲያ በሦስት እርከን በአሥራ ሁለት ወር 144 ነው፣ ገና ቦታ ይተርፋል። ከዚያ ካለፋችሁ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚችል ሰው ፈልጉ፣ ፓልፕ የሚባለው ነፃ መሣሪያ ለናንተ ዓይነት ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ለሶፍትዌር ያሰባችሁት ገንዘብ ካለ የሬዲዮውን ሙከራ ሥሩበት።